ሠላሳ አንድ አውራ ጣት

ይህ ነገር እኔን መቶ ዐሥራ ስምንት ሺህ ብር፣ አንድ የጅምላ ደንበኛና የግራ ጉልበቴን አስከፍሎኛል። ብሩ ይተካል። ደንበኛውም ዱቤ የሚሰጠው ሲያጣ ይመለሳል። ጉልበቴ ግን የባንክ ቤቱን ደረጃ ስመላለስበት እንደከዳኝ ቀረ።

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። በድሬዳዋ ሙቀት ብርድ ልብስ መሸጥ ሞኝነት ይመስላል፤ ገዢዎቼ ግን ከሐረር በኩል የሚወርዱ ደገኞች ናቸው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከደላላ፣ ከፈታሽና ከጂቡቲ ሾፌሮች ነው የተማርኩት። የደብራችን አስተዳዳሪ አባ ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተውኝ፣ «አንተ የሒሳብና የደረሰኝ ነገር ታውቃለህ» አሉኝ። ሰው ሲያሞግሰኝ ሊያስከፍለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁ ቆምኩ።

በሰንበቴው አዳራሽ ሠላሳ አንድ አረጋውያን ይመገባሉ። ይመገባሉ ስል፣ ስለት ያለበት ሰው ሲመጣ ማለቴ ነው። አንድ ቀን ሦስት ሰው ዝክር ይዞ ይመጣና ወጡ ይተርፋል። በማግስቱ ማንም አይመጣም፤ ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው በሩን ሲያዩ ይውላሉ። አባ፣ አረጋውያንን የሚያገለግሉ አብያተ ክርስቲያናትን የሚረዳ አንድ የውጭ ድርጅት አዲስ አበባ ቢሮ እንዳለው ሰምተዋል። ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። ጻፍን።

ስህተቱ የእኔ ነው፤ ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ጧሪና ቀባሪ የሌላቸው ሠላሳ አንድ አረጋውያን»። የእኛ አገር የእርዳታ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ካርቶን ላይ «የጣሊያን ዕቃ» ተብሎ እንደሚጻፈው ነው፤ ሻጩም ገዢውም የት እንደተሠራ ያውቃል። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ግን ካርቶኑን አነበቡና አመኑት።

ከወጪው አንድ አምስተኛውን ደብሩ ራሱ ይሸፍን አሉ። ደብሩ ማለት እኔ ነበርኩ። ከፈልኩ። ከዚያ የመጀመሪያው የስድስት ወር ገንዘብ ገባ፤ ወጥ ሠሪ ቀጠርን፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ሱቄን ለምሳ ዘግቼ በባጃጅ እየሄድኩ ቆሜ አያቸው ጀመር።

ከሁሉም ቀድማ የምትደርሰው አንዲት እማማ ነበረች፤ ባሏ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ኖሮ የሞተባት። የራሷን ብርጭቆ በሻሽ ጠቅልላ ታመጣለች። ወጡን ትቀምስና፣ «ጨው ተወደደ እንዴ?» ብላ ወጥ ሠሪዋን ታሳቅቃታለች። አንድ ልጅ ነው ያላት። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ ጂቡቲ ተሻገረ፤ ሁለት ዓመት አለፈው። እሷ ስለ ልጇ ስታወራ ትናንት እንደሄደ ነው። በአራተኛው ወር ጉንጯ ሞላ። ሌላ ቦታ እንደማትበላ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሰው የሚሞላው ጎድሎ ከነበረ ነውና።

በስድስተኛው ወር ከአዲስ አበባ አንዲት ባለሙያ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ሁሉንም «እርስዎ» ትላለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ እየመሰላቸው ይዞራሉ። ሁለተኛው ገንዘብ እንዲለቀቅ እያንዳንዱ ሰው ቅጽ ላይ በአውራ ጣቱ መፈረም አለበት አለች። የማኅተም ቀለሙን አስቀመጠችና ቅጹን ጮክ ብላ አነበበች፦

«እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ ጧሪም ቀባሪም የሌለኝ መሆኔን አረጋግጣለሁ።»

ማንኪያ የያዘ ሁሉ አስቀመጠ።

«ይህን ማነው የጻፈው?» አለች እማማ።

ባለሙያዋ፣ «ከራሳችሁ ማመልከቻ ላይ ነው የወሰድነው» አለች። አባ መስቀላቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«አንተ? ብርድ ልብስ ሻጩ? እኔ ነኝ ቀባሪ የሌለኝ?»

«እማማ፣ እንደው አባባል ነው እኮ...»

«እድሬን አርባ ዓመት ከፍያለሁ! ባሌን ሲቀብሩ ድንኳኑ መንገድ ዘግቶ ነበር። ይልቅ አንተ ስትሞት ባለ ዕዳዎችህ ናቸው የሚመጡት፤ እነሱም መሞትህን ሊያረጋግጡ!»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ልጅም አለኝ። ነገ ሲመጣ፣ እናትህ ጧሪ የለኝም ብላ ፈርማለች ይበሉት? በቁሙ ልቅበረው?»

ብርጭቆዋን ጠቅልላ ወጣች። ከጎኗ የነበሩት አዛውንት ቀለም የነካ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልፈረመም።

ባለሙያዋን፣ ቃሉ ይቀየርልን ብለን ለመንናት። ደወለች፤ አስጠየቀች። መልሱ፣ የጸደቀው ሰነድ አይቀየርም፤ ጧሪ ያለው ሰው ደግሞ መስፈርቱን አያሟላም የሚል ነበር። የአንድ ወር ጊዜ ሰጡን። በእሷ አልፈርድም፤ ዕቃው ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሲለይ እኔም እመልሳለሁ።

እማማ ከፈረመች ሌሎቹ ይከተላሉ ብዬ ቤቷ ሄድኩ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለች የቀበሌ ክፍል ናት። ደፉ ላይ አስቀመጠችኝ።

«እማማ፣ ፎርማሊቲ ነው።»

«እሺ፤ አንተም ሱቅህ በር ላይ ‹ሌባ ነኝ› ብለህ ለጥፍ። ፎርማሊቲ ነው።»

«ካልፈረምሽ ምሳው ይቆማል። ያንቺ ብቻ አይደለም፤ የሠላሳ አንድ ሰው።»

«እሱን አንተ ስትጽፍ ነበር ማሰብ።»

ይህ እውነት ስለነበረ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። «ልጅሽ ይልካል?» አልኳት።

«ይልካል።»

«መጨረሻ የላከው መቼ ነው?»

ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባሏን ኮፍያ አየችና፣ «ሲያገኝ ይልካል» አለች። ቀጥላም፣ «ውሃ ልስጥህ?» አለችኝ። ጠጥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ፣ ከተማው በሙቀት በሩን በሚዘጋበት ሰዓት፣ ሠላሳ አንዱን ቅጽና የማኅተም ቀለሙን ይዤ ሱቄ ውስጥ ተቀመጥኩ። አሥር ጣት አለኝ። ከዚህ የባሰ ወረቀትም በዘመኔ ፈርሜያለሁ። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት፣ እስላም ነው፣ ሩዝ በጅምላ ይሸጣል፣ ከጫት በርጫው ተነሥቶ ብቅ አለ።

«አቦ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

ነገርኩት። ቅጾቹን አገላበጠና፣ «ወላሂ፣ አንተ ብቻህን ሠላሳ አንድ ሽማግሌ ልትሆን ነው? ግማሾቹ ሴቶች አይደሉም እንዴ?» አለ።

«ጣት ሴት ወንድ የለውም።»

«ያቺ አሮጊት፣ ልጇን አልክድም ብላ ምሳ ቀረባት ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«እና አንተ በጣትህ ልትክድላት ነው?»

ቀለሙን ከደንኩ። ያዳነኝ ጽድቅ አይደለም፤ ያ ሰውዬ ነገሩን እስከ መቃብሬ እንደሚያወራው ማወቄ ነው። ለአዳራሹ ሁለት ኩንታል ሩዝ ላከ። ዋጋውን ብጠይቀው በሱማልኛ ሰደበኝ።

ወሩ አለቀ። ውሉ ተቋረጠ፤ የመጣው ደብዳቤ በጣም ትሑት ነበር። ቀጥዬ ስድስት ሳምንት ከኪሴ አስበላሁ። ለጅምላ ደንበኛዬ የምሰጠው ዱቤ አጠረ፤ አኩርፎ የቀረው በዚህ ነው። ከዚያ አምስቱ ቀን ሦስት ሆነ፤ ሦስቱ አንድ ሆነ፤ ወጥ ሠሪዋን አሰናበትን። አሁን ያለው የእሑድ ምሳ ነው፤ በሌላው ቀን ስለት ያለበት ሰው ከመጣ መጣ።

እማማ እሑድ እሑድ ትመጣለች። አሁን ከብርጭቆው ጋር ክዳን ያለው ሳህን ይዛ ነው፤ ግማሹን ትበላና ግማሹን ለሰኞ ትቋጥራለች። ጉንጯ ተመልሶ ገብቷል። ስለ ጨው የምትናገረው አልቀረም። አንድ እሑድ ሳህኑን ልሙላልሽ ብላት፣ «ለሌላውም ይድረስ፤ እኔ ልጅ አለኝ» አለች። ከጂቡቲ የመጣ ነገር እንዳለ አልነገረችኝም፤ እኔም ዳግመኛ አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሳምንት አባ የምሳውን አገልግሎት የባንክ ደብተር ሰጡኝ፤ አየሁት። ቀሪ ሒሳብ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ብር ነው፤ የሁለት እሑድ ምሳ።