በግራ እጅ የተሰፋው ሌማት

ከሚሴ ስኖር ያቺን ከተማ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አሁንም አልጠራትም። ከጨፋ ሸለቆ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ያለች የሸማኔዎችና የስፌት ሠሪዎች ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል፤ የሚያውቃት ያውቃታል።

እንድንሄድ ያሰበችው ልጄ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች እዚያ የተነሱትን ፎቶ በስልኳ ስታይ ሰንብታ፣ «እማ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ኖረሽ እንዴት አንድ ቀን አታነሺውም?» አለችኝ። እሑድ ደርሰን እንመለስ፣ ናፍቆትሽን ትወጪያለሽ አለች። እሷን የወለድኩት ከሁለተኛው ባሌ ነው። ስለ መጀመሪያው የምታውቀው ሸማኔ እንደነበረና ኒካሑ እንደፈረሰ ብቻ ነው። ለምን እንደፈረሰ ለእሷም አልነገርኩም፣ እዚህም አልጽፈውም።

እምቢ ልላት ነበር። ግን ከፎቶዎቹ በአንዱ የአማቴ፣ የመጀመሪያው ባሌ እናት፣ ቤት ግድግዳ ይታያል፤ ግድግዳው መሀል ደግሞ የእኔ ሌማት ተሰቅሏል።

ግራኝ ሆኜ ነው የተወለድኩት። ወስፌውን በግራ እጄ ስለምይዝ የስፌቴ ዙር ከሌላው ሴት ስፌት በተቃራኒ ይዞራል። እናቴ ቤት ማንም አላየብኝም ነበር። አማቴ ግን ገና በሙሽርነቴ አየችው። ያንን ሌማት በቀይና በጥቁር አለላ አስጊጬ ክረምቱን ሙሉ ሰፍቼ ሳቀርብላት ገለባበጠችውና «በግራ የተሰፋ ላይ ቢስሚላህ አይባልም» አለች። ከጣሪያው ሥር፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ሰቀለችው። በሌላው ቤት ስፌት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ለክብር ነው። የእኔ ግን እህል እንዳይነካው ነው የተሰቀለው። ከዚያ በኋላ ሥራ ስሠራ ግራ እጄን በነጠላ ከወገቤ ጋር ታስረው ጀመር። በቀኝ መሥራት እስክለምድ ድረስ አልተፈታሁም።

በአገራችን ኒካሕ ሲፈርስ ሴት በእጇ የሰፋችው ሁሉ ይከተላታል። የእኔም በአህያ ተጭኖ ተላከልኝ። ያ ሌማት ግን አልነበረበትም። ሽማግሌ ሰድጄ ባስጠይቅ የለም ተባለ። ልትበላበት የተጠየፈችውን ዕቃ ለምን እንዳስቀረችው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እናም የሄድኩት ለናፍቆት አልነበረም፣ ሌማቱን ላመጣም አይደለም። በዚያ ቤት ያለ አንድ ሰው፣ ልጄ እየሰማች፣ «ይህን የሰፋችው እሷ ናት» እንዲል ብቻ ነበር የፈለግኩት።

በሚኒባስ ጨፋን አቋረጥን፤ ማሽላው አሽቶ ነበር። ከዚያ ባጃጅ ያዝን። ከተማዋ ተለውጣለች። በሮቹ ቀለም ተቀብተዋል፤ ሸማኔዎቹ የሚሠሩት እንግዳ እንዲያያቸው ደጅ ወጥተው ነው። በአማቴ ቤት አሁን ያለችው የመጀመሪያው ባሌ እህት ናት። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ገና ያልታጨች ልጃገረድ ነበረች። አሁን ጥርሷ አልቋል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። ገና ከበር ስታየኝ «አከም ጅርታ!» ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠይቃ አቅፋ ሳመችኝ፤ እኔማ ሞተሻል ብዬ ፋቲሓ ቀርቼልሽ ነበር እያለች ሳቀች። ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እንግዶች ነበሯት፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሚስቲቱ ትልቅ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። የባሌ እህት ግድግዳውን እያሳየች ታወራላቸው ጀመር፤ እኛም ከኋላ ቆመን እናዳምጣለን። ወደ ሌማቱ ደረሰች። ይህ እናቴ የሰፋችው ነው አለች፤ አላህ ይማራት፣ ከሥራዋ ሁሉ ይህን ትወድ ስለነበር ምግብ ቀርቦበት አያውቅም አለች።

ምግብ አለመቅረቡ እውነት ነው። ሌሎቹ ስፌቶች ሁሉ ተበልቶባቸው አልቀዋል። የእኔ ግን እንደ አዲስ ነው፤ ቀይ አለላው እንኳ አልደበዘዘም።

ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ዙሩን በጣቴ ተከተልኩላቸው። የሌሎቹ ሁሉ ወደዚህ ይዞራል፣ ይሄ ግን ወደዚያ፤ ይህን የሰፋው ግራኝ ነው፣ ግራኟም እኔ ነኝ አልኳቸው። ሰውየው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ወደ ባሌ እህት ዞር አለች።

እሷ ምንም አልደነገጠችም። «እናቴም ግራኝ ነበረች እኮ» አለች።

እጄን ያሰረችው ሴት ግራኝ ሆነች። ወላሂ ሐሰት ነው ብዬ የምጠራው ምስክር ፈለግኩ። ጎረቤቶቹ ሞተዋል፣ ባሌ የነበረውም ሞቷል፣ ሽማግሌውም ሞቷል። የቀረችኝ ልጄ ብቻ ነች። ፊቷን አየሁ። ስለ እኔ አፍራ ነበር።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ እኮ በቀኝሽ ነው የምትሠሪው። በግራ ስትሠሪ አይቼሽ አላውቅም።»

እውነቷን ነው። እሷ ስትወለድ ግራ እጄ ሥራ ካቆመ ሰንብቶ ነበር።

የባሌ እህት ከጥግ የተጀመረ ስፌት አንስታ ከነወስፌው ሰጠችኝ። «በይ እስኪ ስፊልን፤ እንግዶቹም ይዩ» አለች። ስትናገር ድምፅዋ የፍቅር ነው፣ ዓይኗ ግን ሌላ ነበር። ወስፌውን በግራ እጄ ያዝኩ። አለላውን ላስገባ ብል ጣቶቼ እንደ ሌላ ሰው ጣት አልታዘዝ አሉኝ። ወስፌው ስቶ የቀኝ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ሰውየው ሰዓቱን አየ። ልጄ ስፌቱን ከእጄ ወስዳ በቦታው መለሰችውና ጣቴን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችልኝ፣ እንደ ሕፃን። አብሽሪ፣ አይዞሽ በሚል አይነት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ብጮህ ያረጀች ጣውንት ቀንታ ነው ይላሉ፤ ጣውንት እንኳ አልነበርኩም። ብወጣ ደግሞ ልጄን ማዋረድ ነው፤ ወጪውን ችላ፣ ከሥራ ያረፈችበትን ቀን ሰጥታ ነው ያመጣችኝ።

ባለካሜራዋ ልቧ ሳይራራልኝ አልቀረም። «እማማ፣ እርስዎም ከሌማቱ ሥር ይቀመጡልንና አንድ ፎቶ እናንሳዎት፤ ሁለት የአገር እናቶች ሆናችሁ ያምራል» አለች። ልጄ ደስ አላት፤ ሻሼን አስተካከለችልኝ። ተቀመጥኩ። የባሌ እህት አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው።

ካሜራው ወደ እኛ ሲዞር ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በጆሮዬ «ያንቺ መሆኑንማ አውቃለሁ» አለችኝ። «እናቴ ልትሞት ስትል አውርዱልኝ ብላ አቅፋው ነበር። ይህን ለሰው ምን ብዬ ላውራ?»

ልጄን አየሁ። ከካሜራው ኋላ ቆማ ፈገግ በሉ እያለች በእጇ ታሳየናለች፤ ምንም አልሰማችም።

«ጮክ ብለሽ በይው» አልኳት። «ልጄ ትስማው።»

የባሌ እህት እጄን ጠበቅ አደረገችና ለካሜራው ፈገግ አለች። ባለካሜራዋ እንዳንነቃነቅ ለመነችን። አልተነቃነቅኩም።