ትንኞችን ያስጠናንበት ሳምንት

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ባዮሎጂ እንዳስተምር መካነ ሰላም ተመደብኩ። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አንድ ቁም ሳጥን ነበር፤ ውስጡ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ማይክሮስኮፕና ባዶ የመድኃኒት ብልቃጦች።

አንድ ቀን ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች ስለ ነርቭ ሳስረዳ፣ ጠላ ላይ የምታንዣብበው ትንኝ እንኳ ሽታ ለይታ እንደምታስታውስ ነገርኳቸው። ትዝታዋ ያለው የነርቭ ሴሎቿ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ እዚያ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ከጎደሉ የተማረችውን ወዲያው ትረሳዋለች አልኩ። ማንም አላመነኝም። እንሞክረው ተባለ።

ትንኞቹን ከአከራዬ የጠላ ጋን አፍ ላይ ያዝን። ብርዱ ስለሚያደነዝዛቸው ተማሪዎቹ ብልቃጦቹን በብብታቸው አሙቀው ነበር የሚያመጧቸው። ሽታውን ከመናወጡ ጋር አያይዘው እንዲሸሹት፣ ጤና አዳም የነካ ጥጥ አስገብተን ብልቃጡን ነቀነቅን፤ ሎሚ የነካውን ስናስገባ ግን በሰላም ተውናቸው። በማግስቱ ሁለት ብልቃጥ አፍ ለአፍ ገጥመን፣ በአንዱ ጤና አዳም በሌላው ሎሚ አድርገን ለቀቅናቸው። እኩል ለእኩል ተከፋፈሉ። ምንም አልያዙም።

በሦስተኛው ቀን የአንዷ ተማሪዬ አባት መጡ፤ በደብሩ ዳዊት የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው። ልጃቸው ትንኝ እናስተምራለን ብትላቸው ሊያዩ ነው የመጡት። ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ያደረግነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ስንቴ አስባልሻቸው?» አሉኝ፤ ስንቴ አስደገምሻቸው ማለታቸው ነው።

«አንዴ፣ የኔታ።»

«አንዴ ሰምቶ ይዞ ያደረ ተማሪ እኔም የለኝም። አስብያቸው፤ አሳርፊያቸው፤ ደግሞ አስብያቸው። ዕረፍቱን አትዝለይ፤ ቃል የሚሰርጸው ያኔ ነው።»

ሌሎች ትንኞች ያዝንና እንዳሉት አደረግን። ደወል በተደወለ ቁጥር አንድ ዙር እናስጠናቸዋለን፤ እስከሚቀጥለው ደወል እናሳርፋቸዋለን። በማግስቱ የኔታም ተገኙ። ብልቃጦቹ ሲገጠሙ ትንኞቹ ትንሽ ዞር ዞር አሉና ወደ ሎሚው ጎረፉ፤ ጤና አዳሙ ጋ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ራሴ ዴስክ ላይ ወጥቼ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዕረፍት የተከፋፈለ ልምምድ በትንኟ አንጎል አዲስ ፕሮቲን እንዲሠራና ትዝታው እንዲጸና እንደሚያደርግ አነበብኩ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ቀን የኔታ ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና፣ «ተምረዋል፤ እንግዲህ ይመረቁ» አሉ።

ልጃቸው መስኮቱን ከፈተች፤ እኔ ክዳኑን አነሳሁ። ከትንኞቹ ሁለቱ በየኔታ ጥምጥም ላይ አረፉ። እሳቸውም ሳያባርሯቸው፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ ወደ ደብራቸው ሄዱ።