ዕረፍት የተባለ ሴራ

ኤርሜቴ ሰባ ሊደፍን ጥቂት የቀረው ሽማግሌ ነው። ሚስቱን አያምንም፤ ሐኪሙን አያምንም፤ ከሁሉ በላይ ግን የጎረቤቱን የጎፍሬዶን እንቅልፍ አያምንም።

ጠቡ የደወል ነው። ከጣሊያኗ ከተማ ከቤርጋሞ በላይ ባለችው መንደራቸው በየዓመቱ ወይን ሲቆረጥ የሽማግሌዎቹ የብስክሌት ማኅበር የሳን ቦኖን ዳገት ይወጣል። ቀድሞ የደረሰ ከጫፉ ላይ ያለውን የጸሎት ቤት ደወል ይደውላል፤ የቀሩት ቆባቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ኤርሜቴ ያንን ገመድ ለዓመታት ለጎፍሬዶም ሆነ ለሌላ ለማንም አላስነካም። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ያለ ደወሉ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ዘንድሮ ግን እግሩ እንደ እርሳስ ከበደው። እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ጠዋት ገና ከአልጋው ሳይወርድ ልቡ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ይደልቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ያርፍ ነበር። እሱ «ሰንፌ ነው» አለና የቀኑን አንድ የልምምድ ዳገት ሁለት አደረገው። ሽማግሌ እንደ ወይን ጠጅ ሲቆይ ይጥማል ይላሉ፤ ኮምጣጤም ከወይን ጠጅ ነው የሚወጣው።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ የተጨመቀ ሎሚ መስሏል። ሁለት ቀን እንኳ ተኛ» አለችው ሚስቱ ዴልፊና።

«ማነው እንዲህ በይው ያለሽ?»

«መስታወቱ!»

«ጎፍሬዶ ነው እንጂ!»

ጎፍሬዶም «በእኛ ዕድሜ ዳገት የሚወጣው በእንቅልፍ ጭምር ነው፣ ወዳጄ» ብሎት ነበር። የተቀናቃኝ ምክር! ድመት አይጥን «ወጣ በይና ንፋስ ተቀበዪ» ብትላት ማን ያምናታል?

ስለዚህ በአጥር ቀዳዳ ይሰልለው ጀመር። ጎፍሬዶ አንድ ቀን ብስክሌቱን ይጋልባል፤ በማግስቱ ከበለሱ ሥር ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ኤርሜቴ ማንኮራፋቱ የውሸት እንደሆነ ለማጣራት ጆሮውን አጥሩ ላይ ለጥፎ ይውላል፤ ከዚያ ያባከነውን ጊዜ ሊያካክስ ዳገቱን ደግሞ ይወጣል። በመጨረሻም ፈረደ፦ ይህን ያህል ተኝቶ የሚበረታ ሰው ብስክሌቱ ውስጥ ሞተር ደብቋል።

ዕለቱ ደረሰ። ከመጨረሻው መታጠፊያ በታች ኤርሜቴን እግሩ ከዳው። ጎፍሬዶ «ቀስ ብለህ ና፣ ዳገቱ አይሸሽም» ብሎት አለፈ። ወዲያው ደወሉ ጮኸ። ኤርሜቴ ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰ፤ ቆቡን ግን አላወለቀም።

«ይፈተሽ! ሞተር አለው!»

የማኅበሩ መካኒክ ቱሊዮ ኮርቻውን ከነዘንጉ ነቅሎ ብስክሌቱን ዘቀዘቀው። ጠብ ያለው የዝገት ውሃና አንድ የደረቀ ሸረሪት ብቻ ነበር።

«ይኸው ሞተሩ፤ ነዳጅ ጨርሶ ነው የሞተው» አለ ቱሊዮ። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ጎፍሬዶ ብቻ አልሳቀም። «ኤርሜቴ፣ ቆብህ» አለው ቀስ ብሎ። አወለቀ።

በማግስቱ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ በጠራራ ፀሐይ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ዴልፊና መጋረጃውን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«ተይው! ያ ሰውዬ ከበለሱ ሥር መሆኑን ማየት አለብኝ። ከተነሣ ቀስቅሺኝ።»

ጎፍሬዶ ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተነሣም። ኤርሜቴም ሲያንኮራፋ ዋለ እንጂ አልተነሣም።