ከካፖርቶቹ ጀርባ

የተያዝኩት ስዊድን ውስጥ፣ ሶለንቱና ባቡር ጣቢያ ነው። ፔንደልቶግ ከሚሉት የከተማ ባቡር ስወርድ ትኬት ተቆጣጣሪዎች መሳፈሪያው ላይ ቆመዋል፤ ከጎናቸው ሁለት ፖሊሶች። ትኬት ነበረኝ። የሌለኝ ሌላው ወረቀት ነው። የጥገኝነት ማመልከቻዬ ውድቅ ሆኖ አገሩን ለቅቀሽ ውጪ ከተባልኩ ወራት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ የምኖረው ተደብቄ ነበር።

ፖሊሷ መታወቂያ ስትጠይቀኝ ቀኝ እጄ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። የደበቁኝን ሰዎች የቤት ቁልፍ ጨብጫለሁ። ቦርሳዬን የምፈልግ መስዬ ወደ ባቡሩ ዞር አልኩና በባቡሩና በመሳፈሪያው መካከል ባለችው ክፍተት ለቀቅኩት። ሲወድቅ ድምፁ አልተሰማም። ከዚያ ባዶ እጄን አውጥቼ ስሜን ነገርኳት።

የደበቁኝ ፍሌሚንግስቤሪ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ዘመዶቼ አይደሉም። አንድ እሑድ እነሱ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ገብቼ መጨረሻው ወንበር ላይ ሳለቅስ አይተውኝ ይዘውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እነሱ የወንጌል አማኞች ናቸው፤ እኔ ኦርቶዶክስ። ይህን አንድም ቀን አላነሱብኝም። ሴትዮዋን «እትዬ» ነበር የምላቸው፤ እዚያው ሰፈር ባለው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራሉ። ባለቤታቸው ጋሼ አውቶቡስ ይነዳሉ። ገና ዜግነት አልያዙም ነበር። እንደ እኔ ያለ ስደተኛ የደበቀ ስደተኛ ምን እንደሚደርስበት ማናችንም በትክክል አናውቅም፤ ጋሼ ግን ሥራውም ፈቃዱም ሊሄድ ይችላል እያሉ ይሰጉ ነበር። እትዬ «እሱን ለእግዚአብሔር ይተዉለት» ብለው ወሬውን ይቆርጡታል።

ቀን ቀን ሁለቱም ሥራ ሲሄዱ ብቻዬን ነኝ። ራዲዮ አልከፍትም። ሽንት ቤት ውሃ አልለቅም። ከታች ያለችው ጎረቤት እንዳትሰማኝ ከግድግዳ ግድግዳ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ እመላለሳለሁ። መስኮቱ ሥር ባቡሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። የተያዝኩ ዕለት እግሬ አልቀመጥ አለኝና ወጣሁ። የምሄድበት አልነበረኝም፤ መሄድ ብቻ ነው የፈለግኩት።

ያስገቡኝ ከሜርስታ ብዙም የማይርቅ ቤት ነው። ፎርቫር ይሉታል፤ ከአገር የሚባረር ሰው አውሮፕላን እስኪገኝለት የሚቆይበት። ክፍሉን መጀመሪያ ሳየው የተሳሳቱ መሰለኝ። ቢጫ መጋረጃ ነበረው። የተተኮሰ አንሶላ፣ ደህና ሽታ ያለው ሳሙና። አዲስ አበባ በታሰርኩበት ክፍል አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም አብረን ነበር የምንገላበጠው። የታሰርኩት የግል ጋዜጣ ላይ እሠራ ስለነበር ነው፤ እሱን ሌላ ጊዜ እናገራለሁ። እዚህ ማንም አልጮኸብኝም። ዘበኞቹ ሲገቡ በር ያንኳኳሉ። ግን መስኮቱ አይከፈትም፤ የኮሪደሩም በር በእኛ በኩል እጀታ የለውም። አውሮፕላኖቹ ከጣሪያችን በላይ ሲነሱ መጋረጃው በትንሹ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ከአልጋዬ እነሳለሁ። እቀመጣለሁ። እንደገና እነሳለሁ።

አብራኝ የነበረችው የኮሶቮ ሴት ናት። የሚያግባባን የሁለታችንም የተሰባበረ ስዊድንኛ ነበር። እሷ ደግሞ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፤ ዘርግታ፣ አጥፋ፣ ዘግታ፣ እንደገና ትዘረግፈዋለች።

«ተይው እንጂ፣ ቁጭ በይ» እላታለሁ።

«አንቺ መጀመሪያ ቁጭ በይ» ትለኛለች።

ጉዳዬን የያዘው መርማሪ ጨዋ ሰው ነበር። በገባሁ ቁጥር ተነስቶ ነው የሚቀበለኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ፊቱን አይቼው የማላውቅ፣ አማርኛው የጠራ ሰው። ጠበቃዬ አዲስ ማመልከቻ አስገብቶልኝ ስለነበር ጥያቄው ብዙ ነው። መርማሪው ግን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንዱ ነው።

«እስካሁን የት ነበር የኖሩት?»

«አላስታውስም።»

አንድ ቀን እስክሪብቶውን አስቀመጠና በዝግታ ተናገረ። አስተርጓሚው ተከተለ። «እንድናምንዎት ይፈልጋሉ። ባለፈው ወር የኖሩበትን ቤት የማያስታውስ ሰው፣ ከዓመታት በፊት የታሰረበትን ክፍል እንዴት ያስታውሳል?»

 ልክ ነው፤ እኔም ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ክፍሌ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አላስታውስም ባልኩ ቁጥር የገዛ ታሪኬ ከእጄ የሚሾልክ መሰለኝ። ብናገር ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው የሚጎዱት። 

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘበኛዋ መጥታ የምግብ አዳራሹ ውስጥ ቴአትር እንደሚታይ ነገረችን። ከቤተ ክርስቲያኖች የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው አለች። መሄድ አልፈለግኩም። የኮሶቮዋ ሴት ናት እጄን ይዛ ያስነሳችኝ። «እዚህ ከመንጎራደድ ይሻላል» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተዋቸዋል። መድረክ የሚባል ነገር የለም። ከፊት አንድ የስፌት መኪና፣ ከኋላ ካፖርት የተደረደረበት ረጅም የብረት መስቀያ። አንዲት አጭር አሮጊት ስዊድናዊት ወጥታ ቀስ ብላ፣ ሁላችንም እንድንሰማት፣ ነገሩን አስረዳች። ጦርነት ነው። ካፖርቶቹ የልብስ ስፌት ቤት ናቸው። ከካፖርቶቹ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ሁለት የአይሁድ ቤተሰቦች ተደብቀዋል። ቢገኙ ተወስደው ይገደላሉ። ስፌት ቤቱን የምትመራው ሴት ታበላቸዋለች።

ተጫዋቾቹ ካፖርቶቹን ገለጥ አድርገው ቦታቸውን ሲይዙ እኔ በሩን ነበር የማየው። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። አላለቀሱም፤ ተጣሉ። አንደኛው አባት ያንጎራጉራል፤ የሌላኛው ቤተሰብ እናት ማንጎራጎሩን መቋቋም አቃታት። በሹክሹክታ ነው የሚጣሉት። አንዲት ልጃገረድ መስኮት ክፈቱልኝ ትላለች፤ መስኮት የለም። አንድ ሽማግሌ ብድግ ይላል፣ ይቀመጣል፣ ብድግ ይላል። «ይበቃሃል!» ይሉታል ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በሹክሹክታ። ሳላስበው ሳቄ መጣ። ከኋላዬም የሚስቁ ነበሩ። ዕጣችን አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ እነሱን የሚጠብቃቸው ሞት ነበር፣ እኔን አውሮፕላን። መቀመጥ ያቃተው ሰው ግን መቀመጥ ያቃተውን ያውቀዋል።

ከዚያ የስፌት ቤቱ ሴት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ገባች።

እትዬ ነበሩ።

ግራጫ ሻርፕ አስረዋል፤ ሽርጥ ታጥቀዋል። ዓይናቸው በእኛ ላይ አልፎ ሄደ፤ እኔ ላይ አልቆመም።  ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው በር ላይ መታወቂያውን ያሳያል፣ ማንን እንደሚጠይቅ ይናገራል። ስለዚህ እነ እትዬ እንዳይመጡ እየጸለይኩ ነበር። አሁን በአራት እርምጃ ርቀት ቆመው ዳቦ ይቆርሳሉ። ሁለት ዘበኞች ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ። ያ መርማሪም አልፎ ሲሄድ ነው መሰል በሩ ላይ ቆሟል። እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው።

በሩ ተንኳኳ። ከካፖርቶቹ ጀርባ ያሉት ሁሉ ባሉበት ደረቁ። አዳራሹም እንደነሱ ደረቀ፤ የሚያስል እንኳ የለም። የኮሶቮዋ ሴት ክንዴን ጨመቀችኝ። ወታደር ሆኖ የሚጫወተው ረጅም ወጣት ገባ።

«ካንቺ ሌላ ማን አለ እዚህ?»

«ከእኔ በቀር ማንም የለም» አሉ እትዬ በስዊድንኛ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

እትዬ ዝም አሉ።  ያቺ አጭር አሮጊት ቃሉ የጠፋቸው መስሏት ከጥግ በከንፈሯ ልታስታውሳቸው ሞከረች። እትዬ ወደ እኛ ዞሩና ሻርፓቸውን እየነካኩ፣ የተጨነቀች ሴት በምትናገርበት ድምፅ፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኛ ደህና ነን። በእኛ የተነሳ እንዳትጎጂ። የሚጠቅምሽ ከሆነ ስማችንን ስጫቸው። ጋሼም ተስማምተዋል። እኔ አልፈራም።»

በዚያ ቤት ከእኔ በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። ወታደሩ ግራ ገብቶት አጠገባቸው ቆሞ ቀረ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለ እንደገና፣ አሁን በልመና።

«አዎን፣ አዎን» አሉት በስዊድንኛ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘበኞቹም ሳቁ፤ ሴትዮዋ ቃሏ ጠፍቷት በአገሯ ቋንቋ ጸለየች ብለው ይሆናል። መርማሪው ግን ሳቀ አልሳቀ አላየሁም፤ ዞሬ ማየት አልደፈርኩም።

ቴአትሩ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ እየዞሩ ሁላችንንም ጨበጡን። እትዬ ተራዬ ላይ ደረሱ። በአገሬ ወግ ብነሳ፣ ጎንበስ ብዬ ጉንጫቸውን ብስም ደስ ባለኝ። እንደማያውቅ ሰው እጄን ብቻ ዘረጋሁ።

«አመሰግናለሁ» አልኳቸው በስዊድንኛ።

«ምንም አይደል» አሉኝ እሳቸውም በስዊድንኛ።

እጃቸው በረዶ ነበር።  ፊታቸው ፈገግ እንዳለ፣ መዳፋቸው መዳፌ ውስጥ እንደተያዘች ወፍ ይርገበገባል። ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። አልፈራም ያሉት ለእኔ ብለው ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። እንደ ልማዱ ተነስቶ ተቀበለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠ።

«እስካሁን የት ነበር የኖሩት?»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ግን አልነግርዎትም።»

 የስልኩ መስመር የተቋረጠ መሰለኝ።

«እንደዚያው ልተርጉመው?» አለኝ አስተርጓሚው፣ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንደዚያው ይተርጉሙት።»

ተረጎመ። መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን?»

«ቤት ሰጡኝ። ከእኔ ያገኙት ነገር የለም። የእኔን ነገር በሙሉ ይጠይቁኝ፣ አንድም አልደብቅም። የእነሱ ቤት ግን የእኔ አይደለም፤ አሳልፌ ልሰጠው አልችልም።»

ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ሌላ ወረቀት አወጣና «እሺ፤ አዲስ አበባ ስለታሰሩበት ክፍል ይንገሩኝ» አለ። ነገርኩት። የግድግዳውን ቀለም፣ ተራ በተራ የምንተነፍስባትን የበር ስንጥቅ፣ አጠገቤ ትተኛ የነበረችውን ነፍሰ ጡር። እስከ ምሳ ሰዓት ተናገርኩ። ወደ ክፍሌ ስመለስ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛሁ፤ አውሮፕላን ሲያልፍም አልነቃሁም።

የኮሶቮዋ ሴት በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ተጠራች። ሻንጣዋ ዝግጁ ነበር። አቅፋኝ «አሁን ቁጭ በይ» አለችኝ። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔን በበጋው፣ ፖሊስ ጣቢያ እየመጣሁ እንድፈርም ብለው ለቀቁኝ። የመኖሪያ ፈቃዱ የመጣው ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ነው። የእትዬን ቤት ማንም አላንኳኳም።

ዛሬ የምኖረው ሜርስታ ነው፤ የምሠራው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ። ስለዚያ ቀን ከእትዬ ጋር ያወራነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«እንዴት ቴአትር ውስጥ ገቡ?» አልኳቸው።

«ማን ገባ? የት እንዳለሽ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰማሁ፤ እዚያ ሊጫወቱ ነው ሲባል የምትጫወተዋን ሴት ለምኜ ቦታዋን ወሰድኩ። ያስጠኑኝ ጋሼሽ ናቸው። ሳሎን ውስጥ ወታደሩን እየሆኑ።»

ጋሼ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ፣ «ለእኔም አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል አልመለሱልኝም» አሉ።

«ታዲያ ሰውዬው ሲጠይቅሽ ስማችንን ሰጠሽው?» አሉኝ እትዬ።

«አልሰጠሁም።»

እትዬ ጠረጴዛውን ሲጠርጉ ቆዩ። «እልኸኛ» አሉኝ። 

የዚያ ቴአትር ነገር አንዳንዴ ሥራ ላይ ትዝ ይለኛል። ትዝ የሚለኝ ወታደሩ አይደለም፤ በማንጎራጎር የተጣሉት ናቸው። ተደብቆ መኖር ከሩቅ ሲያዩት ፍርሃት ብቻ ይመስላል። ውስጡ ያለ ሰው ግን ይሰለቻል፣ ይነጫነጫል፣ መስኮት ያምረዋል። እሱን ተሸክሞ ማብላት ደግሞ የማይፈራ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ብርቱካን ይዤ ፍሌሚንግስቤሪ ሄድኩ። መግቢያው ላይ የማላውቀው ጫማ አየሁ። ለዚህ አገር ክረምት የማይሆን ስስ ጫማ ነው፤ እርጥብ፣ ውስጡ ጋዜጣ የተወተፈበት። የትንሿ ክፍል በር ዝግ ነው። ጋሼ ራዲዮውን ከወትሮው ከፍ አድርገውታል።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ብርድ አታስገቢ» አሉ እትዬ።  ስለ ጫማው አልጠየቅኩም።

ወጥ ቤት ገብቼ ብርቱካኑን ላጥኩና በአራት ሳህን አደረግኩት። እትዬ ሳህኖቹን አዩ፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ አራተኛውን አንስተው በዝግታ ወደ ትንሿ ክፍል ሄዱ።