እስኪጻፍ የማይወርድ እጅ

እትዬ ካረፉ ነገ አርባ ቀናቸው ነው። የአባቴ ታላቅ እህት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ልደታ ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ አንድ ልማዳቸውን ያነሳል፤ ስብሰባ ላይ ለተቃውሞ እጃቸውን ካወጡ፣ ጸሐፊው ሲጽፍ ሳያዩ አያወርዱም። “ካልተጻፈ እንዳልወጣ ነው” ይሉ ነበር።

በደርግ ጊዜ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ፣ ከወላጆች የተዋጣው ገንዘብ ለሰልፍ ባንዲራና ለድምፅ ማጉያ ይዋል ተባለ። እትዬ ተነሡ።

“ሁለተኛ ክፍሎች ከመስከረም ጀምሮ ያለ አስተማሪ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ አስተማሪ ቅጠሩ። ደመወዙንም ሰው በሚያኖር ልክ ክፈሉ፤ አለዚያ እሱም ጥሎ ይሄዳል።”

ድምፅ ሲሰጥ የተቃወመው እጅ የእሳቸው ብቻ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “በሙሉ ድምፅ ብለህ ጻፍ፣ ጓድ” አለኝ። ጠመንጃ የደገነብኝ የለም፤ ዝም ብዬ ፈራሁ። እትዬ እስክሪብቶዬን እያዩ ነበር። እንደተባልኩት ጻፍኩ። እሳቸውም እጃቸውን አወረዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዘው “ዛሬስ ተጻፈ አልተጻፈ ብዬ መጠራጠር ምን አደከመኝ፤ የጻፈው የራሴ ልጅ ነው” አሉኝ። በሙሉ ድምፅ ብዬ መጻፌን ሳልነግራቸው ቀበርኳቸው።

አሁን በእድር ስብሰባ ድምፅ ሲቆጠር፣ ዓይኔ እሳቸው ይቀመጡበት ወደነበረው የመስኮት ጥግ ይሄዳል። እጅ የለም። አንገቴን እደፋለሁ።

እትዬ፣ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት፤ አንድ ሰው ተቃውሟል።