የእትዬ ዘውዴ እልልታ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። የደወለችልኝ ሰናይት ናት። መልሳ ስትደውል ግን እያለቀሰች ነበር። ያኔ አመንኩ።

እትዬ ዘውዴ ዛሬ ጠዋት ሄደችብን። ልቧ ነው አሉ። የሷ ልብ? እሺ፣ ሐኪሞቹ ያሉትን ይበሉ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሄሮን የሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት ነበረች። እኔ ጎረቤቷ ካለው ቤት ነው የምሠራው። ጅቡቲ የመጣሁ ሰሞን በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አገኘችኝና "ተነሺ ባክሽ፣ በዚህ ሙቀት እንባ ጉንጭ ሳይደርስ ይደርቃል፣ ለምን ትደክሚያለሽ?" አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ፣ ዕረፍታችን ነውና፣ ካርቲየ 4 የሚሉት ሰፈር ተሰብስበን ስንበላ መሃላችን የምትቀመጠው እሷ ናት።

ዛሬ ግን ስለዚያች አርብ ነው የማወራችሁ።

የኢትዮጵያ የፓወርሊፍቲንግ ቡድን ለዓለም አቀፍ ውድድር ጅቡቲ ገባ ተባለ። ከመካከላችን ነገሩን የሚያውቅ አልነበረም። "ሮው" የሚሉት ዓይነት ነው። ሰውነት የሚደግፍ ልዩ ልብስ የለም፤ ወገብን በቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ብረቱን በራስ ጉልበት ማንሳት ነው። እትዬ ዘውዴ የሰማችው "ኢትዮጵያ" የሚለውን ብቻ ነው። ባንዲራ ልትሰፋ አረንጓዴና ቀይ ጨርቅ ከገበያ ገዛች፣ ቢጫ አጣች። ቢጫው ከየት ተገኘ? ከአሠሪዋ ከማዳም የጠረጴዛ ልብስ! "ማዳም ራሷ ቢጫ አትወድም" ብላ ቀደደችው።

አዳራሹን ሞላነው። ከአርሂባ ሰፈር፣ ወደብ ላይ የሚሠሩት ልጆች ሳይቀሩ መጡ።

ብርቱካን የምትባል ልጃችን እየመራች ነበር። የቀራት ብረቱን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነው። ሦስት ዕድል አላት። አንዱ ከተሳካ ወርቁ የኛ ነው። ሦስቱም ከከሸፉ ግን ቀድማ ያነሳችው ሁሉ ይሰረዝና ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ወጣች። ብረቱን ከመሬት አላቀቀችው፣ ጉልበቷን አሳለፈችው፣ ቀጥ አለች። እትዬ ዘውዴ ምን ታድርግ? እልልታዋን አቀለጠችው! እኛም ተከተልናት። ሰርግ ቤት በሉት። ብርቱካንም ብረቱን መለሰችው።

ሦስት ቀይ መብራት!

"ምን አጠፋች? አነሳችው አይደል እንዴ!" እትዬ ዘውዴ ዳኞቹን ባማርኛም በሶማልኛም ታወርድባቸዋለች። የአዳራሹ አስተናጋጅ ደግሞ "ሲላንስ ማዳም! ሲላንስ!" እያለ ዝም እንድትል ይለምናታል።

አሰልጣኙ ላብ በላብ ሆኖ እኛ ዘንድ መጣ። "እናቴ፣ በማርያም! ዳኛው እጁን ወደ ታች እስኪያወርድ ድረስ ይዛ መቆም አለባት። እልልታሽን ስትሰማ ያለቀ መሰላት።"

እትዬ ዘውዴ ቁጭ አለች። ፊቷ እንደዚያ ሲጠቁር አይቼ አላውቅም። "እኔ ነኝ የጣልኳት?" አለችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷ ያፈሰሰችው ግን የሰው ድካም ነው፣ እንዴት አድርጋ ትልቀመው?

በሁለተኛው ዕድል ብርቱካን ደንግጣ ነው መሰለኝ ብረቱ ከእጇ ሾለከ። አንድ ቀረ።

ይሄኔ እትዬ ዘውዴ ተነስታ ወደኛ ዞረች። "ስሙኝ! እጅ ሳይወርድ እልል የለም! ትንፍሽ ያለች ወዮላት!" ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ራሷን አላመነችማ!

አዳራሹ ጭጭ አለ። ብረቱ በቀስታ ተነሳ። ጉልበቷ ላይ ሲደርስ የቆመ መሰለን። አልፎ ወጣ። ብርቱካን ቀጥ አለች፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። የዳኛው እጅ ገና ላይ ነው። እትዬ ዘውዴ እጄን ይዛ ጥፍሯን ቀበረችብኝ፣ እንባዋ ይወርዳል።

እጁ ወረደ። ሦስት ነጭ መብራት!

ነጠላው ከአፏ ወጣ። የዚያን ቀን እልልታ ወደብ ላይ ያሉት መርከበኞች ሳይሰሙት አይቀሩም። ብርቱካን ሜዳሊያዋን ይዛ እየሮጠች መጥታ ለአፍታ እትዬ ዘውዴ አንገት ላይ አጠለቀችው። "ዝም ስትሉልኝ ጊዜ፣ እነዚህስ የኔ ሰዎች ናቸው አልኩ" አለቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን፣ አስተናጋጁ ራሱ አይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሷ አንድ ሆነ። አንዷ "ቀለበት ሊያስርልኝ ነው" ብላ ስትፈነድቅ፣ "እጁ ወርዷል?" ትላታለች። ሰናይትም ባሕር ልትሻገር ከተማችን የገባች ልጅ ነበረች። "ደላላው ሳውዲ ሥራ ይጠብቅሻል ብሎኛል" ብላ ስትዘፍን፣ እትዬ ዘውዴ ድስቷን እያማሰለች "እጁ ወርዷል?" አለቻት። ሰናይት ጓዟን መልሳ ፈታች። ጀልባዋ ሄደች፣ እሷ ቀረች። ዛሬ መርዶውን ያረዳችኝ እሷ ናት።

ማዳምስ? የዚያን ቀን ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ አይታ የጠረጴዛ ልብሷን ለየችው። ተቆጣች፣ ኋላ ግን ሳቀች። ዛሬ ያንን ባንዲራ በገዛ እጇ ተኩሳ ይዛው መጣች። ሳጥኑ ላይ የሚደረበው እሱ ነው።

እትዬ ዘውዴ፣ ነገ ወደ ድሬዳዋሽ እንሸኝሻለን። ብርቱካን እዚያ ሆና ትጠብቅሻለች፣ ሜዳሊያውን ይዣለሁ ብላኛለች።

ለቅሶ ላይ እልል አይባልም ይሉኛል። ይበሉ። ያንን ሁሉ የሰው ቤት ዘመን፣ ያንን ሁሉ የኛን ሸክም፣ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብለሽ ይዘሽ ቆምሽ። አልቸኮልሽም።

አሁን እጁ ወርዷል፣ እትዬ። አስቀምጪው።

እልልልልልል!