የጉልበት ቅባት ሻጩ

ዓይደር ሰፈር፣ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት አጠገብ አንድ ሽማግሌ የጉልበት ቅባት ይሸጣሉ። ቡናማ ኮታቸውን በሙቀትም አያወልቁም። ማስታወቂያውን ራሳቸው አይናገሩም፤ አንገታቸው ላይ ካንጠለጠሉት ድምፅ ማጉያ የአንዲት ሴት የተቀዳ ድምፅ በትግርኛም በአማርኛም ይጮኻል፦ «ለወገብ! ለጉልበት! ብርድ ለገባው ትከሻ!» መጨረሻ ላይ «ካልተሻላችሁ ወደኔ ኑ!» ብላ ትስቃለች። እዚህ ስትደርስ የእሳቸውም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ገዛሁ፤ ሳምንት ሙሉ ተቀባሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ልቆጣቸው ተመለስኩ።

«ማን ቀባህ፣ ወደይ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ራሴ ነኛ!»

«ታዲያ እንዴት ይሻልሃል? ይሄ የሰው እጅ ይፈልጋል።»

ይበልጥ አናደዱኝ። «እርስዎንስ ማን ይቀባዎታል፣ አቦይ?»

በአገጫቸው ወደ ድምፅ ማጉያው ጠቆሙኝ። «ድሮ እሷ ነበረች።»

ሴትየዋ ቀጠለች፤ «ካልተሻላችሁ ወደኔ ኑ!» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ብልቃጡን ሰጡኝ።

«በል፣ መጀመሪያ የኔን፤ ቀጥሎ ያንተን።»